ርካሹ ምንዛሪ

የፊልሞን አስከሬን የተገኘው ረቡዕ ማለዳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ለጸሎት የሚወጡ ሰዎች በሚሄዱበት የእግር መንገድ ዳር ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ደሙን አጥቦታል። ያገኙት ሁለት እናቶች ሰክሮ የተኛ ሰው መስሏቸው ነበር። «ተነሥ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» እያሉ ሊቀሰቅሱት ሞከሩ። ከዚያ አንደኛዋ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቱን ሲያዩ ጮኹ።

ዋና ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ስትደርስ ሳጅን ተፈራ ጃንጥላ ይዞ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሟል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው በወንጀል ምርመራ ነው። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ስትል ጉልበቷ ጠዘጠዛት።

«ምን አገኘህ?»

«መታወቂያ አለው። ፊልሞን ዱካሞ፣ ሃያ ሰባት ዓመት። እዚሁ ታቦር ነው የሚኖረው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር አለ፣ አልተነካም። ስልኩ ግን የለም።»

«የተመታበትስ?»

ተፈራ በጣቱ አመለከታት። የራስ ቅል የሚያክል ድንጋይ ነው። ላዩን ዝናቡ አጥቦታል፤ ከሥሩ ግን ፀጉር ተጣብቆበታል። በኋላ ሐኪሙ እንዳረጋገጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመታው፣ ከኋላ። የሞተውም ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

«ዘራፊ ብር ትቶ ስልክ ብቻ ይወስዳል?» አለች ጥሩወርቅ።

«አሁን እኮ ኢንስፔክተር፣ ብሩ ያለው ስልክ ውስጥ ነው።»

ፊልሞን አራት ዓመት የኖረው በጡረተኛው መምህር ወንድሙ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። በሩን የከፈቱት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ካልተላጩ ወራት አልፈዋል። ስትነግራቸው የበሩን ብረት ያዙ። ከዚያ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«ደግ ልጅ ነበር» አሉ። «ባለቤቴ አልጋ ላይ ስትውል ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን የሚያመላልስልን እሱ ነበር።»

«ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«ብርቱካን ግንቦት ውስጥ አረፈች። ልቧ ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር። መምህር፣ ይህን ለሁሉም ሰው ነው የምጠይቀው። ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እሷ ዘንድ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲል ወደ መቃብሯ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ።»

ጥሩወርቅ ጻፈችው። እናቷን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም፣ ሌላ ጥያቄ ለመጨመር አፏ አልታዘዘላትም።

የፊልሞን ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የኮምፒውተር ስክሪኖች አሉ። ግድግዳው ላይ የቤቶች ሥዕል ተለጥፏል፦ ሳሎኖች፣ ወጥ ቤቶች፣ ሐይቅ የሚያዩ በረንዳዎች። ገና ያልተሠሩ ቤቶችን እንደተሠሩ አድርጎ ለውጭ አገር ደንበኞች መሣል ነበር ሥራው። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው። ክፍሉ ግን ጣራው ያፈሳል፤ ጥግ ላይ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል።

ከቴሌ የመጣው የጥሪ ዝርዝር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ብቻ እንዳነጋገረ አሳየ። አንዱ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጠው ሚኪያስ ነው። ሌላዋ ሩታ የምትባል ወጣት ናት።

ሩታ ዓይኗ አብጦ ጣቢያ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እሷም እንደ ፊልሞን በኢንተርኔት ነው የምትሠራው፤ በቪዲዮ ውስጥ የሚነገረውን እየሰማች በጽሑፍ ታወጣለች።

«ምንም እንደማላውቅ ሰው ቁጠሪኝና አስረጅኝ» አለቻት ጥሩወርቅ። «ክፍያችሁ እንዴት ነው የሚመጣው?»

«ለሃምሳ ዶላር ሥራ ብሎ ባንክ የሚሄድ ፈረንጅ የለም። በክሪፕቶ ይልካሉ፣ በኢንተርኔት ብቻ በሚንቀሳቀስ ገንዘብ። ዩኤስዲቲ የሚባለውን፣ አንዱ እንደ አንድ ዶላር ነው። ስልካችን ላይ ይገባል። ግን በሱ ዳቦ አይገዛበትም።»

«ወደ ብር መቀየር አለበት።»

«አዎ። መሸጫ መተግበሪያዎች አሉ። ግን መታወቂያሽን ይጠይቃሉ፣ ፊትሽን ያነሣሉ፣ ኮሚሽን ይቆርጣሉ። ገዢውንም አታውቂውም። ፊልሞን ሰው ያውቅ ነበር። ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ዶላር ይፈልጋሉ፣ እኛ ብር እንፈልጋለን። እሱ ያገናኛል። ከመቶ ብር አንድ ብር ነው የሚይዘው። ከኔ ደግሞ ምንም አይወስድም ነበር።»

«ሕጋዊ ነው?»

ሩታ ጠረጴዛውን አየች። «እሱን በግልጽ የነገረን ሰው የለም።»

«ማክሰኞ ምን ነበር?»

«ስድስት መቶ አርባ ዶላር ነበረኝ፤ ለሚኪያስ ሊሸጥልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም።»

«ብርሽስ?»

ሩታ ሳታመነታ መለሰች። «አልደረሰኝም።»

ተፈራ ከጀርባዋ ሆኖ ኢንስፔክተሯን አያት። ሁለቱም የሚኪያስን ስም አስበዋል።

ሚኪያስ ሱቁ ውስጥ፣ ከስልክ መስታወትና ከባትሪ ክምር ጀርባ ቆሞ ነው የተቀበላቸው። የመጡበትን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ተቆጣ።

«የገዛሁትን ከፍዬ ነው የገዛሁት! እኔ ሌባ አይደለሁም! ቻይና ላለው ሰውዬ ዕቃ ማዘዣ ባንክ ወረፋ ጠብቄ አልቻልኩም፣ ስለዚህ ከልጆቹ እገዛለሁ። ይህን ካጠፋሁ ለዚህ ጠይቁኝ፤ ሰው ግን አልገደልኩም።»

«የት ተገናኛችሁ?»

«ሐይቁ ዳር ያለ ጁስ ቤት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ። እሱ ኮይኑን፣ ያን የስልክ ዶላር፣ ላከልኝ፣ እኔ ብሩን ላክሁ፣ ተለያየን። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

ጎረቤቱ ያለው መድኃኒት ቤት ካሜራ አለው። ተፈራ ሄዶ ምስሉን አየው፤ ሚኪያስ አሥራ አንድ ከአምስት ላይ ከባጃጅ ወርዶ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ይዘጋል። በመሀል አንዴም አልወጣም።

«ብሩን ለማን ነው የላክኸው?» ስትል ጠየቀች ጥሩወርቅ።

ሚኪያስ ስልኩን ከፍቶ ደረሰኙን አሳያት። መቶ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብር፣ ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ተቀባይ፦ ሩታ ዮሐንስ።

ተፈራ ከንፈሩን ነከሰ።

«ፊልሞን እንዴት ነበር?» አለች ጥሩወርቅ፣ ስልኩን እየመለሰች።

«ደስ አላለውም ነበር። ጁሱን እንኳ አልጨረሰም። የገዛ አካውንቱን ባንኩ ዘግቶበታል መሰለኝ። ‹አካውንት የሚያውሰኝ ሰው ታውቃለህ ወይ› አለኝ። ስሜን ለማንም አላውስም አልኩት። ሳቀ። ‹ልክ ነህ፣ አታውስ› አለኝ።»

ወደ ጣቢያ ሲመለሱ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ተፈራ መኪናውን እየነዳ ሌላ ያጣራውንም ነገራት። የፊልሞን ቤተሰቦች ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቱላ ነው። አባቱ ማክሰኞ እንሰት ሲተክሉ ውለዋል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ አይተዋቸዋል። እናቱ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ እንኳ አያውቁም፤ «ሥዕል ይሥላል» ነው ያሉት።

«መምህሩንም አጣራሁ፣ ለወጉ ያህል። የመቃብር ጠባቂው ‹እኒያ ሽማግሌ ቀርተው አያውቁም፣ ማክሰኞ ግን አልመጡም› አለኝ። ረቡዕም፣ ዛሬም አልመጡም።»

«ቀን ተምታቶባቸው ይሆናል። ሐዘንተኛ ናቸው።»

ይህን ያለችው ጥሩወርቅ ናት። ማስታወሻዋን ግን አውጥታ የጠባቂውን ቃል ጻፈችው።

ሩታ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠራ ደረሰኙን ፊቷ አስቀመጡላት። አንገቷን ደፋች።

«ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«የመዘምራን ልምምድ። እስከ አንድ ሰዓት። ሠላሳ ሰው አለ፣ ሁሉንም ጠይቂያቸው። እኔ ፊልሞንን… እኔ እንዴት?» እንባዋ ወረደ።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«አካውንቴን እንዳታሳግዱት። የቤት ኪራይም፣ የወንድሜ የኮሌጅ ክፍያም እዚያ ውስጥ ነው።»

ጥሩወርቅ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት። ተፈራ ግን አልለቀቃትም። «ስልኩን የወሰደው ሰው ኮይኑን ፈልጎ ነው። አንቺ ደግሞ ስንት እንዳለው ታውቂያለሽ።»

ሩታ እንባዋን ጠረገችና ስልኳን አወጣች። «ኮይኑ እኮ አልተነካም። ኮይኑ የሚቀመጥበት የፊልሞን አድራሻ ይኸው። ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ማየት ይችላል፤ መንካት ነው የማይችለው። የባለቤቱ ስም አይወጣም እንጂ የገባውና የወጣው ሁሉ ይታያል። ከሞተ ጀምሮ በየሰዓቱ እያየሁት ነው። አራት ሺህ አንድ መቶ ዶላር፣ አብዛኛው እንዲሸጥላቸው ልጆች የሰጡት። ከማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ወዲህ አንድ ሳንቲም አልወጣም።»

«ይለፍ ቃሉን ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናላ» አለ ተፈራ።

«አስገድዶ ሊያስከፍተው ይችል ነበር» አለች ጥሩወርቅ በዝግታ። «ወይም ስልኩን ይሸጠው ነበር፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማንም አልከፈተውም። ኪሱ ያለውንም ብር አልነካም። ይህ ሰው ገንዘብ አልፈለገም፣ ተፈራ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሩታ፣ አካውንት ይታገዳል ብለሽ የፈራሽው ከየት ሰምተሽ ነው?»

«ከሱ። ባንኩ የሱን ከዘጋበት በኋላ በአንድ ትልቅ ሰው አካውንት ይቀበል ነበር። ከገዢዎቹ አንዱ ለካ አጭበርባሪ ነው፤ የላከው ብር ከሴትዮ የተሰረቀ ነው። ፖሊስ የሰውየውን አካውንት በሙሉ አሳገደ፣ የራሳቸው ገንዘብ ሳይቀር። ፊልሞን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ሊሰጣቸው ሞከረ፣ አልበቃም። ‹ሰው ገደልኩ ሩታ› ይለኝ ነበር። ነገሩን ያጋነነ መስሎኝ…»

«ስማቸውን ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ‹ጋሼ› ነው የሚላቸው።»

ጥሩወርቅ የእገዳ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ቁም ሣጥን ራሷ ከፈተችው። ፈልጋ ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ባለአካውንት፦ ወንድሙ ገብረየስ። የእገዳ ቀን፦ መጋቢት ስድስት። ምክንያት፦ ከአንዲት የዲላ ነዋሪ በማጭበርበር የተወሰደ አርባ ስምንት ሺህ ብር በአካውንቱ ማለፉ። በአካውንቱ የነበረው ቀሪ፦ ሦስት መቶ አሥር ሺህ ብር።

ገጹን ገለጠችው። አጭበርባሪው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ተይዟል። የሴትየዋን ገንዘብ ቤተሰቡ መልሷል። ባለአካውንቱ ከወንጀሉ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተረጋግጧል። ከሥሩ እገዳውን የሚያነሣው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተቀምጧል። የሚቀረው ፊርማ ነበር።

የእገዳው ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። ማንሻውንም መፈረም የነበረባት እሷ ናት። ሚያዝያ ውስጥ እናቷ ሞታ ሦስት ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበረች፣ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ የፋይል ተራራ ጠበቃት። ይህኛው ማን ወደ ቁም ሣጥን እንደመለሰው አታውቅም። እሷ ራሷ ትሆናለች።

ተፈራ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፋይሉን አጥፋ ቀድማው ወደ መኪናው ሄደች።

መምህር ወንድሙ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ተፈራን ግቢው በር ላይ አስቀርታ ለብቻዋ ገባች። የቆመችበት ፊልሞን ይኖርባት የነበረችው ክፍል ፊት ለፊት ነው።

«መምህር፣ ማክሰኞ መቃብሩ ጋ አልሄዱም።»

«አልሄድኩም።»

«ከዚያም ወዲህ አልሄዱም።»

«በምን ዓይኔ ልያት?»

አልካዱም። ወንበር ሳቡላትና እንድትቀመጥ ጠበቁ።

«በአካውንትዎ ልቀበል ሲለኝ ምን ይጎዳኛል አልኩ» ብለው ጀመሩ። «ልጅ ነው፣ ይሠራል፣ የቤቴን ኪራይ በሰዓቱ ይከፍላል። ምንም አልወሰድኩበትም። መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ለልቧ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጣት። ወርቋንም፣ ከአባቴ የወረስኩትንም ሸጬ ያጠራቀምኩት ባንክ ነበር። ላወጣ ብሄድ ታግዷል አሉኝ። ለምን? ፖሊስ ይጠይቁ አሉኝ። ጣቢያችሁ ሰባት ጊዜ መጣሁ። ‹ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው።› ሁልጊዜ ይህችው ናት። አንድ ቀን በኮሪደሩ ስታልፊ አየሁሽ። ‹እሷ ናት የፈረመችው፣ ግን አሁን ሥራ ይዛለች› አሉኝ።»

ጥሩወርቅ አላስታወሰችም። ኮሪደሩን ታውቀዋለች፤ ግድግዳውን ተደግፈው የሚጠብቁትን ሰዎች ግን አንዱንም ማስታወስ አልቻለችም።

«ከዘመድም ከዕድርም ለመንኩ። ፊልሞን ስልሳ ሺህ አመጣ። ቀጠሮው አለፈ፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን፣ እሱም አለፈ። ግንቦት ዘጠኝ ጠዋት፣ ‹ወንድሙ መስኮቱን ክፈተው› አለችኝ። ከፍቼ ስዞር አልነበረችም።»

«ፊልሞን ላይ ቂም ያዙ?»

«አልያዝኩም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ይቅር ብዬው ነበር። አብረን ነው የቀበርናት። ማክሰኞ ወደ መቃብሩ ስሄድ ከሐይቁ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ‹ትንሽ እንራመድ ጋሼ› አለኝ፣ ወደ ተራራው ወጣን። የሦስት ወር ኪራይ ቀድሜ እሰጥዎታለሁ አለኝ። ደግ ነው፣ ደግ ነበር። ከዚያ…»

ወደ ፊልሞን ክፍል በር ተመለከቱ።

«ከዚያ ምን አለዎት?»

«‹ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የእትዬ ብርቱካን አካውንት እስካሁን አልተዘጋም አይደል?› አለኝ። ‹ሚስጥር ቁጥሩን እርስዎ ያውቁታል። ንጹሕ ስም ነው፣ እሳቸውን የሚጠረጥር የለም። ለጥቂት ወር ብቻ፣ የርስዎንም ኪሳራ ቶሎ እመልስበታለሁ› አለኝ። የኔን ገንዘብ ሊመልስልኝ ፈልጎ ነው። ይገባኛል። ግን እየተናገረ ስልኩን ያያል። ስሟን ጽፎታል። ብርቱካን ብሎ፣ ከነአባቷ ስም። ቀድሞኝ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

«ስልኩስ?»

«እጁ ላይ እንደበራ ነበር። ስሟ እዚያ እንዳይቀር ብዬ ወሰድኩት። ላጠፋው ሞከርኩ፣ አልቻልኩበትም። ሌሊቱን ሙሉ መልእክት ሲገባበት አደረ። ‹ወንድሜ ደርሰሃል?› ‹ፊሉ ደህና ነህ?› ባትሪው እስኪሞት ድረስ።»

ተነሥተው ገቡና ስልኩን ይዘው ወጡ። በነጭ መሐረብ ተጠቅልሏል። ጥሩወርቅ ተቀበለችው።

«መምህር፣ አጭበርባሪው ሚያዝያ ላይ ተይዞ ነበር። የእገዳ ማንሻው ደብዳቤም ተዘጋጅቶ ነበር። ያልፈረምኩት እኔ ነኝ።»

የምትጠብቀው ቁጣ አልመጣም፤ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ሚያዝያ ስንት?» ብለው ጠየቁ።

«ሚያዝያ አራት።»

«ሚያዝያ አራት» ብለው ደገሙት። ጣታቸውን እያጠፉ እስከ ግንቦት ዘጠኝ ቆጠሩ። ከዚያ ጫማቸውን ቀይረው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ሰጧት።

በማግስቱ ጥሩወርቅ የምርመራ ሪፖርቷን ጽፋ ለአዛዡ አቀረበች። አዛዡ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ስላልተፈረመው ደብዳቤ የሚያወራውን አንቀጽ አውጪው። ከግድያው ጋር ምን አገናኘው?»

«አላወጣውም።»

«ሥራሽን ልታጪበት ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ፋይሉንም ለሌላ መርማሪ ይስጡልኝ።»

ከዚያ በፊት ግን የእገዳ ማንሻውን ደብዳቤ ፈርማ ራሷ ወደ ባንኩ ይዛው ሄዳ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አንብባ መለሰችላት። «ባለአካውንቱ ራሳቸው ቀርበው መፈረም አለባቸው።»

በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህሩን ከማረፊያ ቤት አስወጥታ አመጣቻቸው። ባንኩ በር ላይ ተፈራ ካቴናውን ፈታላቸው። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ወረፋ ያዙ። አንድ ጎልማሳ «መምህር ወንድሙ! አስተምረውኛል እኮ!» ብሎ ጨበጣቸውና ተራውን ሊለቅላቸው ፈለገ። እሳቸው እንቢ አሉ፣ በተራቸው ደረሱ።

ልጅቷ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። በጥንቃቄ ፈረሙ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ተከፍቷል ጋሼ። ስንት ላውጣልዎ?»

መምህሩ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ስክሪን ለማየት ጎንበስ አሉ። ልጅቷ ገባትና ወደሳቸው አዞረችላቸው። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡት።

«ምንም» አሉ። «መከፈቱን ልይ ብዬ ነው።»